በመስኮቱ የምትወጣው እጅ

አሮጌው ከተማ በግንብ የታጠረ ነው። ጠዋት ጠዋት ዋናው በር ሥር ቆማ እንግዶቿን የምትጠብቀው አስጎብኚ የግንቡን ዕድሜ፣ የሰዓት ማማውን ታሪክ፣ የደረቀውን ምንጭ ተረት እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። እንግዳ ግን ግንብ አይቶ አይጠግብም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሁሉም የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ የት ይበላል?

ለዚህም መልስ ነበራት። "ፎቶ የለጠፈ ምግብ ቤት አትግቡ፤ እዚያ የሚጣፍጠው ፎቶው ነው" ትላቸዋለች። "ጭማቂ ከበሩ አጠገብ ካለችው ሴትዮ ጠጡ፤ ሎሚውን ፊታችሁ ነው የምትጨምቀው። ሻይ ከማማው ጀርባ፤ ወንበሩ ይቆረቁራል እንጂ ሻዩ አይታማም። ምሳ ግን ከእኔ ጋር ነው።"

ምሳው እናቷ ዘንድ ነበር። ከልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መጨረሻ፣ አራት ጠረጴዛ የምትይዝ ጠባብ ቤት። የምስር ሾርባ፣ ትኩስ ዳቦ፣ የተጠበሰ ዓሣ፤ ሌላ የለም። በመመገቢያውና በወጥ ቤቱ መካከል ሳህን የሚተላለፍባት ትንሽ መስኮት አለች። እናትየው ዓይነ አፋር ስለነበረች ሰው ፊት ወጥታ አታውቅም። እንግዶቹ "ባለሙያዋን ካላየን አንሄድም" እያሉ ሲያስቸግሩ ልጇ አንድ ዘዴ ፈጠረች። የበላ ሰው በማንኪያው ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ እናትየው በመስኮቷ እጇን ታወጣለች። እጇን ብቻ። ዱቄት የነካካው፣ ጣቶቹ አጫጭር የሆኑ እጅ "ሂዱ ወዲያ፣ አታሹፉብኝ" እንደሚል ሁሉ አንዴ ተወዛውዞ ይመለሳል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ማማውን የረሳ እንግዳ እንኳ ያን እጅ አይረሳም ነበር።

እናትየው በዝናቡ ወራት ሞተች። ከቀብር መልስ የመጣው ሁሉ "ጥናቱን ይስጥሽ" አላት። እሷም በልቧ፣ ሳይበዛ አልቀረም የተሰጠኝ አለች። እንባም አልመጣ፣ እንቅልፍም አልራቀ። በሳምንቱ ሥራ ገባች። ግንቡን አስጎበኘች፣ ማማውን አስጎበኘች፣ በሚሳቅበት ቦታ አሳቀች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው አፏ የለመደውን አልለቀቀም፤ እሷ አፏን ከሩቅ የምትሰማ ሆነች እንጂ። የምትበላው ነገር ሁሉ ወረቀት ወረቀት አላት። ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መታጠፊያ ስትደርስ ደግሞ እግሯ ዝም ብሎ ቀጥ ይላል። አልሄድም ብላ አልወሰነችም። እግሯ ነው።

እንግዶቿን አደባባዩ ላይ ወዳለው፣ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ወደሆነው ትልቅ ምግብ ቤት መውሰድ ጀመረች። እዚያ ሰው ይዞ የመጣ አስጎብኚ በጓሮው በር በኩል ቆሞ በነፃ ይበላል።

"እሜቴ!" አላት የመጀመሪያ ቀን አሳላፊው፣ ሳህኑን እያቀበላት። "ስንት ዘመን ስታሚን ኖረሽ መጣሽልን? ጣፈጠሽ?"

"ፎቶው ይጣፍጣል" አለችው። እሱ ከትከት ብሎ ሳቀ። እሷ በላች።

ታናሽ ወንድሟ እናቱ ከሞተች ወዲህ ባለ አራት ጠረጴዛዋን ቤት ከሚስቱ ጋር ይዞታል። አንድ ማለዳ ዋናው በር ድረስ መጣ።

"እታለም፣ የቤቱ ባለቤት ቁልፉን አምጡ ብሎናል። ጥርስ ሐኪም ተከራይ አግኝቷል መሰለኝ። ሰው እየገባ መሆኑን ካላየ ቅዳሜ መጥቶ ይረከበናል።"

"እሺ።"

"እሺ ምን? በአንቺ እንግዳ የቆመ ቤት ነው እኮ! ሚስቴ ደግሞ ሾርባውን ሠርታ ትደፋለች፣ ሠርታ ትደፋለች። 'እትዬ አንዴ ይቅመሱልኝና ልክ ነው ወይም አይደለም ይበሉኝ' ነው የምትለው። እኔ ልክ ነው ብላት አታምነኝም።"

"እመጣለሁ።"

"ባለፈውም እመጣለሁ ብለሽ ነበር" አለና ሄደ። ከኋላው አየችው። ትከሻው እንደ አባታቸው ጎብጧል። ይህ ሊያሳዝነኝ የሚገባ ነገር ነው ብላ አሰበች፤ ጠበቀች፤ አላሳዘናትም።

ዓርብ ዕለት የመጡት ባለ ሰፊ ባርኔጣ ሽማግሌ፣ ባለቤታቸውና የባለቤታቸው እህት ነበሩ። ሽማግሌው ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ማማው ሥር ሰዓቱ ከቆመ ዘመን ሆኖታል ስትላቸው "እንደኔ ጉልበት ነዋ!" ብለው ሁሉንም አሳቁ። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ግን ምግብ ቤቱን አዩና ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

"እዚህ የፎቶ ቤት ውስጥ አልገባም። አንቺ የምትበዪበት ውሰጂን፣ ልጄ።"

እኔ የምበላው እዚሁ ጓሮ ቆሜ ነው ልትል አፏን ከፈተች። አሳላፊው በረንዳው ላይ ሆኖ እጁን እያወናጨፈ "ግቡ! ግቡ!" ይላል። "እንሂድ" አለች። በዚያች ቀን እግሯ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ታጠፈ።

ወንድሟ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ፤ ትከሻው ላይ ያለው ፎጣ ወደቀ። ባንኮኒው ላይ ቁልፉ ከሚስማሩ ወርዶ ተቀምጧል። እንግዶቿን በለመደችው ቦታ አስቀመጠች፤ ሾርባው መጣ፣ ዳቦው መጣ፣ ዓሣው መጣ፤ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ድምፃቸውን አጠፉ። ለእሷም አንድ ሳህን ሾርባ ቀረበላት። ቀመሰች።

ሳህኖቹ ሲራቆቱ አፏ የለመደውን ጀመረ።

"እንግዲህ ያበሰለችላችሁ እናቴ ናት። ሰው ታፍራለች፤ አትወጣም። ግን በማንኪያችሁ ጠረጴዛውን መታ መታ ብታደርጉ፣ እጇን በዚያች መስኮት ታሳያችኋለች።"

ወንድሟ ፎጣውን እንደያዘ ደረቀ። እንግዶቹ እየሳቁ መቱ። ያኔ ነው የተናገረችው ነገር የተሰማት። መስኮቷ ባዶ ነበረች። ከወዲያ በኩል የድስት ክዳን ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሽማግሌው እንደገና መቱ፤ "ኧረ እመቤት!"

በመስኮቷ አንድ እጅ ብቅ አለ። ቀጭን፣ እርጥብ፣ አውራ ጣቱ አጠገብ ትኩስ ቃጠሎ ያለበት የወጣት እጅ። መወዛወዝ አላወቀበትም። መዳፉን ዘርግቶ፣ ዝናብ መጣ አልመጣ እንደሚያጣራ ሰው፣ እዚያው ቀረ።

"ውይ! የእናትሽ እጅ እንዴት አላረጀም!" አሉ የሽማግሌው ባለቤት።

"የወንድሜ ሚስት እጅ ነው" አለች አስጎብኚዋ። "እናቴ ሞታለች። በዝናቡ ወራት።" የማማው ሰዓት መቼ እንደቆመ በምትናገርበት በዚያው ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ከጉልበታቸው ላይ ባርኔጣቸውን አንስተው ደረታቸው ላይ አደረጉት። እጁ አሁንም አልገባም።

ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ክንዷን በመስኮቷ አውጥታ ቆማለች።

"አስገቢው፣ በቃ።"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች ልጅቷ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። "ቤቱ ዝም ሲል ጨነቀኝ። እሳቸውን ለመምሰል አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"ሾርባውስ?"

አስጎብኚዋ ምድጃውን አየች። ድስቱ ያው የድሮው ነው። ጭልፋውን አንሥታ እንደገና ቀመሰች፤ በጓሮ በር እንደለመደችው ቆማ።

"ጨው ያንሰዋል" አለች።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። "ያንሰዋል?"

"ትንሽ። ሌላው ልክ ነው።" ጭልፋውን አስቀመጠች። ምላሷ ላይ የቀረውን አዳመጠችው። "ነገ ጨምሪበት። ነገም ሰው አለኝ፤ ይዣቸው እመጣለሁ።"

"ነገ ቅዳሜ አይደል?" አለ ወንድሟ ከበሩ። መጥቶ መቆሙን አላዩም ነበር።

"ቅዳሜ ነው። ባለቤትየው ይምጣና ይያቸው። እሱም ከፈለገ ይብላ።"

ከወዲያ በኩል ጠረጴዛው እንደገና መታ መታ ተደረገ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ በይሉኝታ።

ልጅቷ ደነገጠች። "እንደገና ላውጣ እንዴ፣ እትዬ?"

"አይ፣ አንዴ ነው" አለች አስጎብኚዋ። "ሻይ ፈልገው ይሆናል። ጣጂላቸው።"