አማቴ ሊመክሩኝ የመጡ ዕለት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት በኦፕራሲዮን ነው። ሁለተኛዋን ሳረግዝ ሐኪሜ መርምራኝ፣ «ያኔ ኦፕራሲዮን የተደረግሽው ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ ነው። የአሁኗ አመጣጧ ደህና ነው፤ ሆስፒታል ሆነሽ፣ እየተከታተልንሽ፣ በምጥ መሞከር ትችያለሽ» አለችኝ። እኔ ፈለግሁ፤ ባለቤቴ ግን ፈራ። «ስፌቱ ቢከፈትስ? አንቺን አጥቼ ምን ልሆን ነው?» እያለ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ፣ እንዲመክሩኝ ብሎ እናቱን ከአንበሳሜ ባሕር ዳር ድረስ አስመጣቸው።

አማቴ ቁጥብ ሴት ናቸው። ምሳ በልተን ስለ አዝመራው ብዙ ሲያወሩ ስለ እኔ ምንም አላነሡም። ከዚያ ልጃቸውን፣ «እስቲ ከሐይቁ ዳር ትኩስ ዓሣ ፈልግልኝ» ብለው ላኩት። በሩ ሲዘጋ ብድግ አሉና ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። የማደርገው ጠፍቶኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

«አትፈሪ፣ እዪ» አሉኝ።

ከእምብርታቸው በታች የቆየ ጠባሳ አለ።

«ባልሽን ያወጡት በዚህ ነው።»

«ታናሽ እህቱንስ?»

«እሷንማ አማጥሁ። ሆስፒታል ሆኜ በደህና ተገላገልሁ። አንቺም ከሐኪምሽ አትራቂ እንጂ አይዞሽ።»

እንዳሉትም ሴት ልጄን በምጥ፣ በሰላም ወለድኋት። ጠባሳቸውን ያሳዩኝ ዕለት ግን እጃቸውን ይዤ አለቀስሁና፣ «እማማ፣ ሲመጣ ለእሱም ይንገሩት፤ ልቡ ይረጋጋል» አልኋቸው።

ቀሚሳቸውን ቶሎ አስተካከሉ።

«ተይ ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ባጠፋ ቁጥር ‹ሦስት ቀን ሙሉ አምጬ የወለድሁህ› እያልሁ ነው ያሳደግሁት።»