አረንጓዴዎቹ የአባቴ ጠጠሮች

በአባቴ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ይህ ዕቃ ተበላሽቷል ሲባል በወሬ አይታመንም። ይፈታል፣ በናፍጣ ይታጠባል፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፤ ንግግር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ከተገጠመ በኋላም የወለቀው አሮጌ ዕቃ በዚያው ጨርቅ ተጠቅልሎ ለባለመኪናው ይሰጣል። ባለመኪናው ‹‹ምን ያደርግልኛል?›› ቢል እንኳ አባቴ በግድ ያስይዘዋል። ‹‹ያንተ ነው። ምን እንደወጣልህ እያየህ ሂድ።››

እኔ በዚያው ጋራዥ አንድ ጥግ ላይ የመስኖ ፓምፕ እጠግናለሁ። በመርሳ ዙሪያ ብርቱካንና ፓፓያ የሚያለሙ ገበሬዎች ፓምፓቸው ሲቆም ወደ እኔ ያመጡታል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተጣሉ ፓምፖችን እየፈታሁ፣ የገባኝን በደብተር እየጻፍኩ፣ ያልገባኝን በስልክ እየፈለግሁ ነው የለመድኩት። ብዙ አልናገርም፤ ልኬት ግን እወዳለሁ። ውፍረት የምለካበት ካሊፐር ከደረት ኪሴ አይጠፋም። አባቴ በዚህ ይስቅብኛል። ‹‹አንተ እኮ እንጀራም በሚሊ ሜትር ነው የምትቆርሰው›› ይለኛል።

የአባቴ ሕመም የጀመረው በፋሲካ ዕለት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን በሽሮና በጎመን የከረመ ሆድ ላይ ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ አወረደበት። እኩለ ቀን ሳይሆን ከቀኝ ጎድን አጥንቱ ሥር ጨምድዶ ያዘው፤ ወደ ትከሻውም ዘለቀ። መቀመጥም መተኛትም አቅቶት በግቢው ውስጥ ጎብጦ ይዞር ጀመር።

‹‹ጨጓራህ ነው›› አለች እናቴ።

እኛ ሰፈር ሆድ ካመመ ጨጓራ ነው፤ ጨጓራ ከሆነ ደግሞ ተልባ ነው። እናቴ በየማለዳው ተልባ ትበጠብጥለት ጀመር። እሱም ሕመሙን ፈርቶ ቅቤና ሥጋ ስለተወ ጎኑ ተሻለው። ምስጋናውን ግን ተልባው ወሰደ። በግንቦት አንድ ሰርግ ላይ ጮማ በልቶ ሕመሙ ሲመለስበትና ሲያስመልሰው፣ በማግስቱ ሚኒባስ አሳፍሬ ወልድያ ወሰድኩት።

በአልትራሳውንድ ያየችው ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ጥቁር ከረጢት ይታያል፤ በውስጡ ነጫጭ ነገሮች ተኝተዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ጥቁር መስመር ወርዷል።

‹‹ይህ ጥላው ነው›› አለች። ‹‹እንዲህ ጥላ የሚጥል ነገር ጠጣር ነው፤ የሐሞት ጠጠር ነው አባቴ። ትልቁ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር ይሆናል።››

‹‹በመድኃኒት አይሟሟም?››

‹‹እንደ እርስዎ እያመመ የሚመላለሰውን የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ነው። የሐሞት ከረጢቱ ከነጠጠሩ ይወጣል። ሰው ያለ እሱ በደህና ይኖራል። እስከዚያው ቅባት ይተዉ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ፤ ጠጠሩ መተላለፊያውን ከዘጋ ለሕይወትም ያሰጋል።››

የተናገረችውን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩ።

ስንመለስ አባቴ ሲሪንቃን ስናልፍ መስኮቱን እያየ ‹‹አንዴ ተከፍቶ ቴስታታው የወረደ ሞተር እንደ ፋብሪካው አይሆንም›› አለ።

‹‹አንተ ስንቱን ሞተር አውርደህ ሠርተህ የለም እንዴ አባዬ?››

‹‹ለዚህ እኮ ነው የማውቀው።››

ቤት ገብቶም ያንኑ ደገመ። ‹‹ገላዬ ነው፤ ማንም አይከፍተውም።››

እናቴ የያዘችውን ማማሰያ ወደ እሱ ቀሰረች። ‹‹ገላህ ያንተ ብቻ መሰለህ? ሠላሳ ዓመት ያበላሁት፣ ያጠብኩት፣ ሲያመው ያሸሁት እኔ አይደለሁም? ድርሻ አለኝ!››

‹‹ድርሻሽን በየትኛው በኩል ትፈልጊዋለሽ?›› ብሎ አሳቃት። ነገሩም በዚያው ታለፈ።

በሐምሌ መጀመሪያ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ከግራና መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መኪናውን ከአባቴ በቀር ለማንም አያስነካም። ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

‹‹ወላሂ፣ ሐራ ከተማ ያለ አንድ ሰውዬ ይህን ጠጥቶ አርባ ጠጠር ነው ያወጣው! እንደ ባቄላ እንደ ባቄላ የሚሆን፣ አረንጓዴ!››

‹‹አየኸው?›› አለ አባቴ።

‹‹ጠጠሩን አላየሁም። ሰውዬውን ግን አይቸዋለሁ። እንዴት ያለ ወፍራም መሰለህ!››

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ‹‹ሰው ወፍሮ ስላየህ ነው መድኃኒት የምታዝዘው?›› አለችው።

‹‹እህትዓለም፣ አንቺ ዝም በይ፤ ይህ የጋራዥ ወሬ ነው።›› ወደ አባቴ ዞረ። ‹‹ራዲያተር ሲዘጋ ምን ታደርጋለህ? ታጥበዋለህ እንጂ በመጋዝ ትቀደዋለህ?››

አባቴ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። የሐኪሟ ቃል ያልገባበት ቦታ የራዲያተሩ ነገር ሲገባ አየሁ።

አራት ቀን የፖም ጭማቂ ይጠጣል ይላል ወረቀቱ። ‹‹ፖም መርሳ አይበቅልም፤ ብርቱካን ይተካዋል›› ብሎ ሹፌሩ በራሱ ሥልጣን አሻሻለው። በአምስተኛው ቀን ከቀትር ጀምሮ ምግብ አይቀመስም፤ ማታ ሆድ የሚያስቀምጥ ጨው ይጠጣል፤ ሲነጋ በባዶ ሆድ ግማሽ ብርጭቆ የወይራ ዘይት በግማሽ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ተመትቶ ይጠጣና በቀኝ ጎን ይተኛል።

‹‹የትኛው ብርጭቆ?›› አልኩ። ‹‹የሻይ ነው የውሃ? ጋሼ፣ ሰውዬውን ጠይቀውታል?››

‹‹አንተ ልጅ፣ ጠበቃ መሆን ነበረብህ! ብርጭቆ ብርጭቆ ነው!››

አላመንኩበትም። ግን አልከለከልኩም። ሎሚና ዘይት ምግብ ነው፣ ምግብ ምን ይጎዳል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ እንዲህ ያለው ነገር ሐሞትን ጨምቆ ጠጠሩን መተላለፊያው ላይ ሊሰነቅረው እንደሚችል የሰማሁት በኋላ ነው። ዘይቱን ከወልድያ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሎሚውን የጨመቅሁት፣ ሁለቱንም የሚሊ ሊትር ምልክት ባለው አዲስ ጆግ እኩል የለካሁት እኔው ነኝ። ያልተማመንኩበትን ነገር ያን ያህል አስተካክዬ መለካቴ ዛሬም ይገርመኛል።

አባቴ በማለዳ ተነሥቶ፣ በልጅነቱ ኮሶ እንዳጠጡት አፍንጫውን ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ‹‹የፍሬን ዘይት ይሻላል›› አለና በቀኝ ጎኑ ተኛ።

ረፋዱ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ‹‹ና! ወንፊት ይዘህ ና!›› የሚል ድምፅ ሰማን። እናቴ ‹‹የኔን ወንፊት እንዳትነካ!›› ብላ ጮኸች፤ የጋራዡን ወስጄ ሰጠሁት። ራሱ አጥቦ ይዞ ሲወጣ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ሃያ ሦስት ነበሩ። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቁ፣ አንዳንዱ ባቄላ የሚያክል።

‹‹ለካቸው!›› አለኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለካ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ትልቁን በካሊፐሩ ያዝኩት። አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር። ሐኪሟ ያለችው አሥራ አራት ነው። ካሊፐሩን ሳላላ ደግሞ በሁለት በኩል የካሊፐሩ ጥርስ ምልክት ጠጠሩ ላይ ሰርጉዶ ቀረ።

‹‹አሥራ ስድስት ነው›› አልኩት።

‹‹የተሳሳተው ማሽኑ ነዋ!››

ክዳን ባለው የማር ጠርሙስ ውስጥ ከተታቸውና መደርደሪያው ላይ፣ በኩሽኔታዎቹ ካርቶን አጠገብ አስቀመጣቸው። ከዚያ ወዲያ ፍሬን ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ የአባቴን ሆድ ታሪክ ሳይሰማ አይሄድም። አባቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ሹፌሩማ ጠርሙሱን የገዛ ልጁን ያየ ያህል ሳመው። ከገበሬዎቹ አንዱ የዘይቱንና የሎሚውን መጠን በወረቀት ጻፍልኝ ብሎኝ፣ ፓምፑ እስኪሞቅ ቆይ ብዬ ሳልጽፍለት ሸኘሁት።

በሦስተኛው ቀን፣ አባቴ ለምሳ ሲገባ፣ ከጠርሙሱ ሁለት ፍሬ አወጣሁ። አንዱን የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣልኩት፤ ተንሳፈፈ። ሁለተኛውን በቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርጌ ገና ከሥራ የቆመ የፓምፕ ሞተር ላይ አስቀመጥኩት። ብዙ አልቆየም፤ ጠርዙ ወዛ፣ ከዚያም ጠቅላላው ቀልጦ አረንጓዴ ዘይት ሆነ። የሎሚ ሽታ ነበረው። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ እንደ ሳሙና ረጋ። የጠጣው ዘይትና ሎሚ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ተብላልቶ፣ ረግቶና ተድቦልቡሎ የወጣው።

ክዳኑን መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉም አልተናገርኩም። ያን ጠርሙስ ሲያዞር የሚስቀውን ሳቅ ከየት ደፍሬ እወስድበታለሁ? አንድ ጊዜ ብቻ ‹‹አባዬ፣ ወልድያ ሄደን በድጋሚ ብንታይስ?›› ብዬው ነበር። ‹‹ባዶ ታንከር ውስጥ ምን ሊታይ?›› አለኝ።

ፍልሰታ ገባ። አባቴ አጥብቆ ይጾማል። በጾሙ በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ እናቴን እንዲህ አላት፦ ‹‹ፍልሰታ ሲፈታ ዶሮውን በደንብ ቅቤ አጠጪልኝ። የፋሲካውን ጭምር ነው የምበላው። አሁን ጎኔ ንጹሕ ነው።››

በደብተሬ የጻፍኩት የሐኪሟ ቃል ትዝ አለኝ። ያ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር እዚያው እንደተኛ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ቅቤ ይወርድበታል።

ከምሳ በኋላ ወደ ጋራዡ ቀድሜው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጋሁ። ውሃ የሞላ ብርጭቆ፣ ጠርሙሱንና ያን የቆርቆሮ ክዳን በተርታ አስቀመጥኩ። ሲገባ ቆሞ አየው። በገዛ ሕጉ ስለመጣሁበት ምንም አልጠየቀም። ከጠርሙሱ አንድ አውጥቼ ውሃው ላይ ጣልኩ። ተንሳፈፈ። ክዳኑን ሰጠሁት።

አባቴ የረጋውን ነገር በጣቱ ጫረ፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸው፤ አሸተተው። ዘይትና ውሃ የተቀላቀለበት ሞተር ሲመጣለት በሞተሩ የዘይት ክዳን ሥር የሚያገኘውን ዝቃጭ እንዲህ ነው የሚያሸው። ያንን ለስንት ደንበኛ ሲያሳይ ሰምቼዋለሁ፦ ይህ ከውጭ የገባ አይደለም፣ እዚሁ ነው የተፈጠረው እያለ።

‹‹እዚሁ ነው የተፈጠረው›› አለ ቀስ ብሎ።

‹‹አዎ አባዬ።››

‹‹ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ?››

‹‹ሦስት ሳምንት።››

‹‹ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ዝም ብለህ ታየኛለህ?››

አባቴ ጣቱን በጨርቁ ጠረገ፤ ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ‹‹እፈራለሁ እኮ›› አለኝ። ‹‹መኪና ስከፍት የማላውቀው ነገር የለም። እዚያ ግን ተኝቼ ነው የምከፈተው።››

ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ‹‹እኔ ውጭ ሆኜ ሁሉንም እጽፋለሁ›› አልኩት፤ ሌላ የምለው ስላልመጣልኝ።

‹‹ሰዓቱንም?››

‹‹ሰዓቱንም።››

ጠርሙሱን እሱ ራሱ ደፋው።

ወልድያ በድጋሚ ሲታይ ጠጠሮቹ በቦታቸው ነበሩ፤ ጥላቸውም ከሥራቸው። ለቀዶ ሕክምናው ቀን ተቆረጠለት። በዕለቱ የወሰደን ያው ሹፌር ነው። መንገዱን ሙሉ ‹‹እኔ ነኝ ያጃጃልኩህ፣ አፉ በለኝ›› እያለ፣ አባቴ ደግሞ ‹‹ፍሬንህ ይጮኻል፤ ስወጣ አየዋለሁ›› እያለ ደረስን። ቀዶ ሐኪሙ ጥያቄ እንዳለው ሲጠይቀው አባቴ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

‹‹የወለቀውን ዕቃ ለባለቤቱ ትሰጣላችሁ?››

ሰጡን። ክዳን ባለው ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ታጥበው። ከሆስፒታል ወጥተን መርሳ እንደደረስን፣ ቤት ገብቶ ከመተኛቱ በፊት ጋራዡን ክፈትልኝ አለኝ። ጨርቁን ዘረጋሁ። አምስት ነበሩ፤ ቡናማ፣ ጠርዛቸው እርስ በርስ ተፋትጎ የለሰለሰ። ትልቁን ለካሁት፤ አሥራ አራት ከአንድ አሥረኛ። ካሊፐሩ ምልክት አልተወበትም። አባቴ ተቀበለኝና የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ለቀቀው። ታች ወርዶ ብርጭቆውን ‹‹ቅጭል›› አደረገው።

‹‹ሰማህ?›› አለኝ። አወጣና እንደገና ለቀቀው። ሦስት ጊዜ አደረገው።

ከዚያ አምስቱንም በጨርቁ ጠቀለለና፣ ጎኑን በአንድ እጁ ደግፎ፣ እያዘገመ ወደ ቤት ገባ። ፍልሰታ ከተፈታ ሳምንት ሆኖታል፤ እናቴ ዶሮውን እሱ እስኪመጣ አቆይታ፣ ያለ ቅቤ እየሠራችለት ነበር። ጥቅልሉን በግድ እጇ ላይ አስያዛት።

‹‹ምንድን ነው?››

‹‹ድርሻ አለኝ ብለሽ የለ? ያንቺ ነው። ምን እንደወጣልሽ እዪው።››

ፈትታ አየችው። ዓይኗ ሞላ፤ ወዲያው ግን ጠቀለለችውና መለሰችለት።

‹‹ከበርበሬዬ አጠገብ እንዳታስቀምጥብኝ›› አለችው።