የክሊዮኒኪ ወይን ከጅረቱ ማዶ

ክሊዮኒኪ ከእናቷ የወረሰችውን የወይን እርሻ ብቻዋን ስታለማ ሃያ ዓመት አልፏታል። ችግሯ ጅረቱ ነበር፤ እርሻዋ ከማዶ ነው። ከጅረቱ ወዲህ ከበቀለ ወይን የተጠመቀ ጠጅ ጠርሙሱ ላይ «ናውሳ» የሚለው ዝነኛ የአገሩ ስም እንዲጻፍበት ሕግ ይፈቅድለታል። ከማዶ የመጣው ግን ምንም ያህል ቢጣፍጥ ስም የለውም፤ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። አፈሩ አንድ ነው፣ ፀሐዩም አንድ ነው። ድንበሩን ያሰመሩት ሰዎች ካርታው ላይ ከጅረቱ የተሻለ መስመር አላገኙም።

ስሙ ለእሷም እርሻ እንዲፈቀድ አሥራ አራት ጊዜ አመለከተች። እርሻው ከወዲህ የሆነው ጎረቤቷ ስቴርዮስ መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር «እናንተ የውጭ አገር ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?» እያለ ይቀልድባት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ትሰድበው ነበር። በኋላ ዝም ብላ ማለፍ ጀመረች።

በስልሳ ስምንት ዓመቷ፣ ለቀማው ሊያልቅ ሲል፣ ስሙ እንደተፈቀደላት የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ነገር ግን ስሙ የሚሰጠው ክሲኖማቭሮ ለሚባለው ጥቁሩ ወይናችን ብቻ ስለሆነ፣ በየመሃሉ ያሉት ነጭ ወይኖች መነቀል አለባቸው ይላል። ነጮቹን እናቷ ናት በረዶ እርሻውን በመታበት ዓመት ከየጎረቤቱ ቅርንጫፍ ለምና የተከለቻቸው።

ደብዳቤውን ወደጻፈው መሥሪያ ቤት ስልክ ደውላ ነጮቹ እንዲቀሩላት ጠየቀች። ባለሙያው ደንቡ ለሁሉም አንድ መሆኑን በትሕትና አስረዳት። አልተከራከረችም።

የካቲት ላይ ዶማ ይዛ ወደ እርሻው ወረደች። ሁለት መስመር እንደነቀለች ወገቧ አልታዘዝ አላትና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ስቴርዮስ ከራሱ እርሻ ሆኖ አያት። ሳትጠራው ዶማውን ይዞ ጅረቱን ተሻገረ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ብዙም ሳይነጋገሩ፣ አብረው ነቀሉ።

በመጨረሻው ቀን፣ ከተከመረው ግንድ አጠገብ ቆማ፣ «ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም» አለችው።

«ደስታው የትም አይሄድም፣ ሌላ ቀን ትደርሺበታለሽ» አላት። «አሁን ቤት ግቢና ትኩስ ሾርባ ቅመሺ። ከንፈርሽ ደርቋል።»

«ስሙን ስፈልገው በነበረ ጊዜ ጉልበት ነበረኝ፣ ስቴርዮስ።»

ዶማዋን ተቀብሎ ከራሱ ጋር ተሸከመላት።

በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያው ጠርሙስ ስሙን ይዞ ወጣ። የአካባቢው የወይን አምራቾች ማኅበር ሰዎች ቤቷ ድረስ አመጡላት። አመሰገነች፣ ግማሽ ብርጭቆ ጠጣች፣ ጥሩ ነው አለች። እውነትም ጥሩ ነበር። ከዚያ እንግዶቹን ሸኝታ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ መጋረጃውን ጋርዳ ተኛች።