የሚስተር ማርሱዲ ጆሮ

ዝናብ ጣሪያውን ሲቀጠቅጠው በጃቫ ደሴት፣ በተማንጉንግ ያለ አስተማሪ ሁሉ ጠመኔውን ያስቀምጣል። መጮህ ትርፉ ጉሮሮ ማድረቅ ነውና ልጆቹን "ገልብጡ" ብሎ እስኪያባራ ይጠብቃል። በሆቴል ሙያ ትምህርት ቤቱ ግን ሰማይ ተቀዶ ቢወርድ ማስተማራቸውን የማያቋርጡ አንድ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም። በዚያ ሁሉ ውርጅብኝ መሀል በለሰለሰ አንደበታቸው እንግሊዝኛቸውን ያወርዱታል፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ እንኳ አንዲት ቃል አይደርሰውም። ተማሪዎቹ የአስተማሪያቸው ጆሮ እንደሞተ ያወቁት በዚህ ነው። አውቀው ምን አደረጉ? ምንም። የሰውየው አገጭ ቀና ባለ ቁጥር በአንድ ላይ ይጮሁላቸዋል።

አገሬው እንደ አባት አክብሮ ፓክ ማርሱዲ ይላቸዋል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ በሚጠራበት ወግ ሚስተር። የተወለዱት ከሱምቢንግ ተራራ ሥር፣ ትምባሆ ከሚያበቅሉ ሰዎች ነው። አባታቸው አንዲት ሬዲዮ ነበረቻቸው። እኩዮቹ ወንዝ ለወንዝ ሲሯሯጡ ትንሹ ማርሱዲ ጆሮውን ሬዲዮዋ ላይ ለጥፎ የባሕር ማዶ ጣቢያ ሲሰማ ይውላል። ወሬው ሳይገባው ዜማው ገባው። ይህ ልጅ አድጎ አስተማሪ ሲሆን ክፍሉ የሚፈራ ክፍል ሆነ። ተማሪ ብቻውን ይነሣል፣ ፓክ ማርሱዲ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዲት ድምፅ ስትዛነፍ ከሩዝ ውስጥ ጠጠር እንደነከሰ ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል። ያስደግሙታል፣ ያስደግሙታል፣ እስኪቀና አይለቁትም። ከእጃቸው የወጡት ልጆች ቱሪስት ወደሚበዛባት ባሊ ወርደው ከእንግዳ ጋር ሲያወሩ ሰው ቆሞ ይሰማቸው ነበር ይባላል።

ከዚያ ጆሯቸው እያታለለ ሄደ። መጀመሪያ ከግድግዳው ላይ የእንሽላሊቷ ድምፅ ጠፋ፣ ቀጥሎ የአዛኑ፣ በመጨረሻ ሚስታቸው ሱርቲኒ ከማድቤት ስትጣራ አልሰማ አላቸው። ማገላንግ ያለ ሐኪም የነርቭ ነው፣ አይመለስም ብሎ አንዲት ማዳመጫ ሰጣቸው። እሷም ክፍል ውስጥ ስታፏጭ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ወረወሯት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን እሳቸውም አያጡትም። ግን የሕይወት ሙያው ጆሮ የሆነ ሰው አልሰማም ብሎ የት ይገባል? ጡረታቸው እስኪደርስ ይቺን ጥቂት ዘመን ልሸሸግ አሉ።

መሸሸጊያው ደግሞ እጃቸው ላይ ነበር። እኛ ዘንድ አስተማሪ ቃሉን ጀምሮ ጅራቱን ለልጆቹ መተው የቆየ ልማድ ነው። "ዋና ከተማችን ጃካ..." ይላል፣ ክፍሉ በሙሉ "ርታ" ብሎ ይጨርስለታል። ብቻውን ተነሥቶ መናገር ለጃቫ ልጅ ሞት ነው፤ በመንጋ መጮህ ግን ሰርግና ምላሽ። ያ ሁሉ አፍ እኩል ሲከፈት ለማየት ጆሮ አያስፈልግም። ፓክ ማርሱዲ ቃል ያንጠለጥላሉ፣ ልጆቹ ይጨርሳሉ፣ እሳቸው "በጣም ጥሩ" ይላሉ። ብቻውን የሚነሣ ቀረ። አንድ ቀን የድምፅ ማጉያው ሶኬት ሳይሰካ የማዳመጥ ፈተና ሰጡ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ከዝምታ ላይ መልስ ሲጽፍ ቆየ፤ እጁን ያወጣ አንድም ልጅ አልነበረም።

ከነዚህ ልጆች መካከል ዊጋቲ የምትባል ነበረች። እናቷ ታይዋን የሰው አሮጊት ታጥባለች፤ ልጅቷን ጥላ ስትሄድ ዊጋቲ ገና ጥርሷ አልተለወጠም ነበር። በየጊዜው ውሏን ልትጨርስ ትልና መልሳ ትፈርማለች። አባትየው የትምባሆ ቅርጫት ተሸካሚ ነው፣ የእሱ ጉልበት ቤቱን አይችልም። ስለዚህ ዊጋቲ አንድ ነገር ይዛ ተነሣች። ዮግያካርታ ያለ ትልቅ ሆቴል በየዓመቱ ከሙያ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይመርጣል። ምርጫው በእንግሊዝኛ፣ ለብቻ፣ ፊት ለፊት ነው። ከተመረጠች ደመወዟ ቤቱን ይይዛል፣ እናቷም ትመለሳለች። ካልተመረጠች ከእናቷ ጎን የሌላ ሰው አሮጊት ልታጥብ ትሄዳለች፤ ደላላው ከአባቷ ጋር ጨርሷል።

"ሚስተር፣ ለብቻዬ ያለማምዱኝ" ብላ መጣች።

ማንም እንዲህ ብሏቸው አያውቅም። ፓክ ማርሱዲ ፈሩ፣ ከፍርሃታቸው ደስታቸው በለጠና እሺ አሉ። ከትምህርት በኋላ በረንዳው ላይ፣ ከመምህራን ክፍል መስኮት ሥር ቁጭ ብለው ይለማመዱ ጀመር። ፊት ለፊት ስለምትቀመጥ ከንፈሯን ያነባሉ። ልጅቷ ታምር ነበረች። ከንፈሯ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ፣ አስፍቶ፣ ሳይቸኩል ያወጣዋል፤ ምላሷ ከጥርሷ መሀል ብቅ ማለት ባለበት ቦታ ብቅ ትላለች።

"ልክ ነው ሚስተር?" ትላለች ዊጋቲ።

"ልክ ነው ልጄ። አንቺ ያላለፍሽ ማን ሊያልፍ ነው?"

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሱርቲኒ ባሏ እየዘፈነ ወደ ቤት ሲገባ እያየች፣ "ዛሬ ደግሞ ምን በላህ?" ትለዋለች በእጇ ጭምር። ከዜማው ወጥቶ እንደሚዘፍን ግን አልነገረችውም። ማን ይነግረዋል?

የምርጫው ቀን አብረው በአውቶቡስ ወረዱ። ዊጋቲ ነጭ ሸሚዟን ከአንዴም ሁለቴ ተኩሳዋለች፤ ሰው እንዳይነካካባት ደረቷን በክንዷ ሸፍና ተቀመጠች። ሆቴሉ ሲደርሱ አስተማሪ ከውጭ ይቆይ ተባለ። በሩ መስታወት ነበር። ፓክ ማርሱዲ ኮፍያቸውን ቀና አድርገው መስታወቱ ሥር ቆሙ።

ከውስጥ መነጽር ያደረገች ሴትና ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል። ዊጋቲ ቁጭ አለች፣ ጉልበቷን ገጠመች፣ አፏን ከፈተች። ፓክ ማርሱዲ ከዚያ ርቀት አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ስሟን ተናገረች፣ አገሯን ተናገረች፣ ሱምቢንግ ጠዋት ጠዋት ደመና እንደሚለብስ ተናገረች፣ የእንግዳ ሻንጣ እንዴት እንደሚቀበሉ ተናገረች። አንዲት ስሕተት የለም። በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ እንግሊዝኛ ያስተማሩ አልመሰላቸውም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በልባቸው ታይዋን ላለችው እናት "ዕቃሽን ሸክፊ" አሏት።

ያን ጊዜ መነጽር ያደረገችው ሴት ወደፊት ጎንበስ ብላ መዳፏን ከጆሮዋ ጀርባ አደረገች።

ፓክ ማርሱዲ ያንን እጅ ያውቁታል። ስንት ዘመን ሙሉ ወደ ጆሯቸው ሊሄድ ሲል በግድ እየመለሱ ኪሳቸው የከተቱት የራሳቸው እጅ ነው። አንደኛውም ሰውዬ ወንበሩን ወደ ልጅቷ ጎተተ። ሌላው ለጓደኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ዊጋቲ አፏን ይበልጥ አሰፋች፣ ከንፈሯ ይበልጥ ጠራ። ሴትዮዋ እጇን ከጆሮዋ አላወረደችም። ፓክ ማርሱዲ አሁን ገባቸው። ልጅቷ ድምፅ የላትም። ያስተማሯት እንግሊዝኛ ድምፅ የለውም።

ዊጋቲ ስትወጣ አላለቀሰችም። አውቶቡሱ ውስጥ ከአኩሪ አተር የተሠራ የተጠበሰ ቶፉና ቃሪያ የሚሸጥ ሰው ሲያልፍ ገዝታ ለአስተማሪዋ ሰጠቻቸው። እሳቸው እጃቸው ላይ ይዘውት ቀሩ።

"ምን አሉሽ?"

ፊቷን አዞረችላቸው። እንደ ሁልጊዜው አጥርታ ነበር የተናገረችው። "ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሉኝ። ከፍ ሳደርገው ቃሎቹ ጠፉብኝ ሚስተር። እንግሊዝኛዬን በድምፅ ሰምቼው አላውቅም። የሌላ ሰው መሰለኝ፣ ደነገጥኩ። በቃ ሂጂ አሉኝ።"

"በረንዳው ላይ ስትናገሪ የነበረውስ?"

ወደ ቃሪያው አየች። "መስኮቱ ሥር ስለሆንን... መምህራኑ ሰምተው፣ ስሳሳት ሚስተር እንዳላረሙኝ እንዳያውቁ ብዬ ድምፄን እየቀነስኩ መጣሁ። እርስዎ እንደሆነ ከከንፈሬ ያዩታል። ኋላ ጭራሽ ለመደብኝ።"

"አውቀሽ ነበር?"

"ሁላችንም እናውቃለን። ከኛ በፊት የነበሩት ናቸው የነገሩን። ሚስተር ሲያዩህ አፍህን ክፈት፣ አሉን።"

"እኔን የነገረኝ የለም!"

"እንዴት ብለን ሚስተር?" አለች ዊጋቲ፣ የእውነት ግራ ገብቷት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የፓክ ማርሱዲ ጆሮ ነገር ከዘበኛው እስከ ሻይ ሻጯ የተሰማ ወሬ ነበር፤ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። አውቶቡሱ ተራራውን ሲወጣ እስከ ተማንጉንግ ድረስ ከመስኮቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እጃቸው ላይ ያለው ቶፉ ቀዘቀዘ።

በማግሥቱ ወደ ርዕሰ መምህሯ ወደ ቡ ረትኖ ገቡ። ሊቀጡ ነበር የገቡት፤ ተሰድበው፣ ተባርረው፣ ቢያንስ አንድ ሰው ተቆጥቷቸው እንዲወጡ።

"ጆሮዬ አይሰማም" አሉ ቆመው። "ዓመታት ሆኖታል። የልጆቹን ዕድል በልቻለሁ። ዊጋቲን ገድያታለሁ። ከክፍል አውጡኝ።"

ቡ ረትኖ ተነሥታ ወንበር ሳበችላቸው። "ይቀመጡ ፓክ። ሻይ ይምጣልዎት?"

"የምልሽ አልገባሽም?"

"ገብቶኛል፣ እናውቃለን" አለች፣ እንዲያነቡት ቀስ ብላ። "ጡረታዎ ደርሷል። እንዲህ ያለውን ነገር አንስቶ ስም ማጉደፍ ለማን ይበጃል? ልጆቹ ይወዱዎታል።"

"የምታውቁ ከሆነ ለምን ልጆቹን ሰጣችሁኝ?"

"ማን ደፍሮ ፊትዎን ያያል ፓክ? እኔንም እኮ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

ሻዩ መጣ፣ ስኳር በዝቶበት፣ እንደ ክብር እንግዳ። ፓክ ማርሱዲ ጠጡት። አለመጠጣት ነውር ነዋ። ዝም አይነቅዝም ይላል ተረቱ፤ ተረቱን ያወጣው ሰው እዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። እዚያ ነቀዙ ዝምታውን ጨርሶ ልጅቷ ጋ ደርሷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ከሁሉም አንድ ክፉ ሰው አለመገኘቱ ነው። ክፉ ቢኖር አንድ ቀን ፊት ለፊት "አንተ ደንቆሮ!" ይላቸው ነበር፤ ዊጋቲም ትተርፍ ነበር።

የዊጋቲ ትምህርት ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። አባቷ ፓስፖርቷን አስወጥቷል፣ እናቷ ታይዋን ሆና ሌላ ውል ፈርማለች። እንዲያም ሆኖ ፓክ ማርሱዲ እንደገና በረንዳው ላይ ጠሯት። ታይዋንም ብትሄድ እንግዳ አገር ድምፅ ያስፈልጋታል፣ ብለው እንደሆን እንጃ። ዘበኛው ቱኪሚን ግቢው ማዶ ከዛፉ ሥር ቅጠል ይጠርጋል።

"ዛሬ ለእኔ አትናገሪ" አሏት። "ለቱኪሚን ተናገሪ። ቀና እስኪል።"

"ለእርስዎ ጀርባዬን ሰጥቼ? ነውር ነው ሚስተር።"

"ነውሩ በእኔ ይሁን። ዙሪ ልጄ።"

ዞረች። ፓክ ማርሱዲ ከንፈሯን ማየት ቀረባቸው፤ ያላቸው ጀርባዋ ብቻ ነው። ትከሻዋ ከፍ ሲል አዩ፣ ዝቅ ሲል አዩ። ቱኪሚን ቀና አላለም።

"እንደገና።"

ትከሻዋ ከፍ አለ። የሸሚዟ አንገት ሥር ያለችው ጅማት ተወጠረች። ቱኪሚን ቅጠሉን ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበ።

"እንደገና ዊጋቲ። ጩኺ። እባክሽ ጩኺልኝ።"

ልጅቷ እጆቿን ጨበጠች፣ መላ ሰውነቷ ወደፊት አዘነበለ። ቱኪሚን መጥረጊያውን ገታ አድርጎ ቀና አለ።

ፓክ ማርሱዲ ዘለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ሰማሽ! አንቺን ሰምቶ ነው አይደል?"

ዊጋቲ ዞረች። ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። ከንፈሯን እንደለመደችው አጥርታ፣ አስፍታ፣ ሳትቸኩል ከፈተችላቸው።

"አዎ ሚስተር" አለች።

ከትከሻዋ በላይ ቱኪሚን መጥረጊያውን ዛፉ ላይ አስደግፎ እጅጌውን ሲሰበስብ ይታያል። ከየክፍሉም ሰዎች ወጡ፤ ሁሉም አዛኑን ሰምተው የቀትር ሶላት ሊሰግዱ በዝግታ ወደ መስጊዱ ሄዱ።