የተገለበጠው ኮት

አባቴ ከሞተ ዓመት ሲሞላው እናቴ ልብሱን ሁሉ ለዘመድና ለችግረኛ አከፋፈለች። እኔ ያስቀረሁት አንድ ግራጫ ኮት ብቻ ነው። ቢሮ የሚሄድበት ኮት ነበር፤ አባቴን ሳስብ ሁልጊዜ እሱን እንደለበሰ ነው የሚታየኝ። ስለካው ትከሻው ይወርድብኛል፣ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። ቁም ሳጥን ውስጥ ብል ከሚበላው አሳጥሬና አጥብቤ ጃኬት ላደርገው ወሰንኩ። አስተማሪ ነኝ፤ በክረምት ጠዋት ጠዋት ከሐዋሳ ሐይቅ የሚመጣው ንፋስ ይበርዳል።

ፒያሳ አንድ ጨርቅ መሸጫ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አስቀምጠው የሚሰፉ አዛውንት አሉ። የባልደረቦቼን ቀሚስ ሲያስተካክሉ ሥራቸውን አይቻለሁ። ኮቱን ወሰድኩላቸው፣ ለኩኝና “ቅዳሜ ነይ” አሉኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ስልክ ደወሉ። “ልጄ፣ መቀስ ሳላገባበት መጥተሽ እዪው።”

ስደርስ ኮቱ ገበሩ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ቆሜ ቀረሁ። ግራጫ ነው እያልኩ ያደግሁበት ኮት ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ የሚመስል ደማቅ ሰማያዊ።

“ጨርቁ በሁለት በኩል ሁለት ቀለም ነው፤ ኮቱ ተገልብጦ የተሰፋ ነው” አሉ ሰፊው። “ድሮ ኮት ሲያረጅ እንገለብጥ ነበር፣ እሱ አይገርመኝም። የገረመኝ ይሄ ነው።” ደረቱ ላይ ተተርትሮ በካውያ የተተኮሰ የድሮ ስፌት ዱካ በጣታቸው ተከተሉ። “ይሄ ለጡት የሚሰፋ እጥፋት ነው። ወገቡም ጠባብ ነበር፣ ተለቋል። የሴት ካፖርት ነበር። ጨርቁ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ስለሚሆን የቁልፉ ቀዳዳ በወንድ በኩል መጣ። ይህን የሠራው ሰው ሥራ አዋቂ ነው።”

“የየትኛዋ ሴት?” አልኩ ሳላስበው።

እሳቸው የተተረተረውን ክር መልቀም ያዙ። እኔ ግን ምን እንደጠረጠርኩ ታውቆኝ አፈርኩ። ኮቱን ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ታቦር ሰፈር፣ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ኮቱን በሰማያዊው በኩል ጭኗ ላይ ዘረጋሁት። እጇ ቆመ።

“ከየት አገኘሽው?” አለች።

“የአባዬ ኮት ነው። ሰፊው ተረተሩት።”

ጨርቁን በመዳፏ ዳበሰችው። “የኔ ነው” አለች። “ከደብረ ብርሃን ሳገባ ይዤው የመጣሁት ካፖርት ነው።”

እንደነገረችኝ፣ አባቴ እዚህ ሐዋሳ ሥራ ሲቀጠር ከሹራብ በቀር የሚለብሰው አልነበረውም። ሰኞ ቢሮ ይገባል። እናቴ ካፖርቷን ይዛ ጎረቤት ሄደች፤ በሰው የስፌት መኪና ሁለት ቀን ተቀምጣ ፈታችው፣ ገለበጠችው፣ አሳጠረችው። እቤታችን የስፌት መኪና ኖሮ አያውቅም። እናቴ ከቁልፍ በቀር ስትሰፋ አይቻት አላውቅም።

“ለአባዬ ምን አልሽው?”

“ከገበያ ገዛሁልህ አልኩት። ካፖርቴን ደግሞ ለእህቴ ላክሁላት አልኩ። የሴት ልብስ መሆኑን ቢያውቅ አንድ ቀን አይለብሰውም ነበር። ሳያውቅ ሞተ።”

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

በማግስቱ “እኔም እሄዳለሁ፣ ጨርቁን እንዳያበላሸው” ብላ ተከተለችኝ። ሰፊው ኮቱን የገለበጠችው እናቴ መሆኗን ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ። “እጅዎ ይባረክ” አሏት፣ የራሳቸውን ወንበርም ለቀቁላት። ከዚያ የተነቀለውን ገበር አነሱ።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አሉ። “እዚህ ብብቱ ጋ ገበሩ ተቀዶ ተሰፍቷል። ይሄኛው ግን የእርስዎ እጅ አይደለም።”

አንድ ስንዝር የሚሆን ስፌት ነው። በድርብ ጥቁር ክር፣ ጠማማ፣ መርፌ የገባበት ቦታ የተራራቀ። እናቴ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

“የሱ ነው” አለች በቀስታ። “ቦርሳውንም ካልሲውንም እንዲህ ነበር የሚሰፋው።”

እኔም አወቅሁት። ያንን ቀዳዳ ለመስፋት ገበሩን ገልጦ ውስጡን ማየት ነበረበት። ሰማያዊውን ካፖርት ደግሞ ገና ሳይጋቡ ጀምሮ ያውቀዋል።

“መቼ የተሰፋ ይመስልዎታል?” ብላ ጠየቀች።

ሰፊው ክሩን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት። “ክሩ ደርቋል። ብዙ ዓመት ሆኖታል።”

እናቴ ገበሩን ጭኗ ላይ አደረገችው። ውኃ አምጥቼ ሰጠኋት፣ ይዛው ቀረች። ልንሄድ ስንል አባቴ የሰፋባትን የገበር ቁራጭ ቆርጠው እንዲሰጧት ለመነቻቸው። በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ባጃጅ ውስጥ መሃል ከተማን ስናልፍ እንዲህ አለች፦ “ደብረ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ገና ከአውቶቡስ ሳንወርድ ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ያደርግልኝ ነበር። ብርድ የማይሰማው ሰው ይመስለኝ ነበር።” ከዚያ ጨመረች፦ “እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይነግረኝም?”

“አንቺስ ነግረሽዋል?” አልኳት።

ወደ መንገዱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች መሰለኝ፤ ጎንበስ ብዬ ሳያት ግን እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርዳል።

ጃኬቱ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። በሰማያዊው በኩል ይሁን ያለችው እሷ ናት። የግራ ትከሻው ትንሽ ይሰበሰባል፤ ሰፊው ላስተካክለው ቢሉም የሠርግ ልብስ በዝቶባቸው እስካሁን ተራዬ አልደረሰም። እንዲሁ እለብሰዋለሁ።

ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም። አብሬያቸው ያደግሁ ሰዎች ያን ያህል ነገር አጠገቤ ደብቀው መኖራቸውን ሳስብ ዛሬም እደነግጣለሁ። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ሳላስበው እናቴ ላይ አፍጥጬ ኖሮ “ምን ሆነሽ ነው?” አለችኝ።

“ሌላ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?” አልኳት።

“ብዙ አለ” አለችና ሳህኖቹን አነሳስታ ወደ ጓዳ ገባች።