ሉቬንያ ፕሩዊት ያተመቻቸው ደብዳቤዎች

ሉቬንያ ፕሩዊት በአርካንሳስ፣ ወንዙ ዳር በተቆረቆረችው በካልሁን ቤንድ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖረው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር ነው። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ያልሆነ ነገር ሲነገር ግን ዝም ማለት አይሆንላትም። «የሉቬንያ መርፌና ምላስ አንድ ናቸው፤ ሳይወጉ አይሰፉም» ይሏት ነበር ጎረቤቶቿ።

በ1944 መገባደጃ፣ ጦርነቱ ገና አውሮፓን እያነደደ ሳለ፣ ጎረቤቷ ዜኖቢያ ክሮኬት ቴሌግራም ይዛ በሯን አንኳኳች። አንድያ ልጇ ላማር ፈረንሳይ ውስጥ ለግንባሩ ጥይትና ነዳጅ የሚያደርስ የጭነት መኪና ሲነዳ ተመትቶ ሞቷል።

«ሉቬንያ» አለች ዜኖቢያ፣ እንባዋ አልቆ፤ «ስሙ በከተማው ጋዜጣ እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። የነጮቹ ልጆች ሲሞቱ ከነፎቷቸው ይወጣሉ። የኔስ ልጅ የሞተው ለየትኛው አገር ነው?»

«ባርኔጣሽን አድርጊ። አሁኑኑ እንሄዳለን።»

የጋዜጣው አዘጋጅ ሚስተር ኦግልስቢ ከወንበሩ አልተነሳም፤ ተቀመጡም አላላቸውም። ክፉ ሰው ግን አልነበረም፤ ቴሌግራሙን ሁለቴ አነበበው።

«ዜኖቢያ፣ ልጅሽን እግዜር ያሳርፈው። ለፊት ገጽ ግን አይሆንም። ‹የጥቁሮች ወሬ› ከሚለው ዓምድ ሥር ሁለት መስመር አስገባልሻለሁ።»

«የወይዘሮ ክሮኬት ልጅ ብለው ይጽፉታል?» ስትል ሉቬንያ ጠየቀችው።

ሰውየው ከልቡ ግራ ገባው። «ጥቁር ሴትን ወይዘሮ ብለን ጽፈን አናውቅም። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ደንቡ ነው።»

ዜኖቢያ ቴሌግራሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና በጥንቃቄ አጠፈችው። «እንግዲያው ልጄን በእርስዎ ጋዜጣ አያውጡብኝ» አለችው፤ ይዛውም ወጣች።

ሐዲዱን እንደተሻገሩ ሉቬንያ ቆም አለች።

«እኛው እናወጣዋለን።»

«በምን?»

«በወረቀት ነዋ! ጋዜጣ በምን ይሠራል፣ በወርቅ?»

ማባዣ ማሽን የነበረው በጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ሃስኬል ደን ነገሩን ሲሰማ በሩን ዘጋ።

«እህት ሉቬንያ፣ እንጀራዬን ልታስቆርጪኝ ነው? የትምህርት ቤቱ ቦርድ በሙሉ ነጮች ናቸው።»

«ማባዣውን የገዛው ቦርዱ ነው?»

«የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የተጠበሰ ዓሣ ሸጠው ነው የገዙት።»

«ዓሣውንስ የጠበሰው ማን ነበር?»

ሚስተር ደን ራሱን አከከ። የዘይቱ ሽታ ከሉቬንያ ቀሚስ ሳይለቅ መክረሙን ያስታውሳል። «ቁልፉን መስኮቱ ላይ ረስቼው እሄዳለሁ» አለ በመጨረሻ፤ «መርሳት ደግሞ የታወቀ በሽታዬ ነው።»

ከላማር ጎን የሌሎቹም የሰፈሩ ወታደሮች ቃል እንዲወጣ ሉቬንያ ቤት ለቤት እየዞረች ደብዳቤያቸውን ለመነች። እናቶቹና ሚስቶቹ ግን ወረቀቱን ከእጃቸው መልቀቅ እንቢ አሉ። ትምህርት ቤቱ እየመጡ ሉቬንያ ከምትመታው የጽሕፈት መኪና ጎን ይቀመጣሉ፤ ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘው ያሳይዋታል። ፐርሊን ጋስኪንስማ የባሏን ደብዳቤ ከጉያዋ አወጣችው እንጂ እስከ መጨረሻው አልዘረጋችውም።

«ጣትሽን አንሺው እንጂ፣ ግማሹን ሸፈንሽው!»

«እሱ አይጻፍም።»

«ለምን?»

«የባልና ሚስት ነገር ነው። አንቺ ለወታደሩ ከዱቄት ስለሚሠራው እንቁላል ያለውን ጻፊ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ስለ ዱቄቱ እንቁላል ያለው ተጻፈ፤ የባልና ሚስቱ ቀረ። ሳንሱር በመቀስ የቆረጠውን ቦታ ሉቬንያ ባዶውን ተወችው፤ ሰዎቹ ዝም እንዲሉ የተደረጉበት ቦታም ይታይ ብላ።

በመጀመሪያው ዕትም ፊት ገጽ ላይ የወጣው ላማር ነበር። ከራስጌው «የወይዘሮ ዜኖቢያ ክሮኬት ልጅ» የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ የመጨረሻው ደብዳቤ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዜኖቢያ ተነሥታ አነበበችው፦

«እማዬ፣ እዚህ አንዲት አሮጊት ፖም ሰጠችኝና ‹ሙሴ› አለችኝ። በነሱ ቋንቋ ጌታዬ ማለት ነው አሉኝ። ማንን ይሆን ብዬ ወደኋላዬ ዞር አልኩ፤ ማንም አልነበረም። ለካ እኔን ኖሯል።»

የኋላ ወንበር ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች፣ ቀድሞ በሌላ ጦርነት የዘመቱት፣ አንድ በአንድ ብድግ አሉ። ማንም ተነሡ አላላቸውም። ከዚያ መላው ጉባኤ ተነሣ። ሉቬንያ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች፤ ጣቶቿ በማባዣው ቀለም እንደጠቆሩ ናቸው። ጓንት ልታደርግ አስባ ነበር፤ ከዚያ ግን ምን ያሳፍራል ብላ ተወችው።

ሐዲዱን ተሻግረው ልብስ ያሰፉ የነበሩ ነጭ ደንበኞቿ ወሬው ሲደርሳቸው ቀሩ። «ቀሚስ ይቀራል፤ ጋዜጣው አይቀርም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ሚስተር ደንም ብዙ ሳይቆይ ፍርሃቱን ትቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ የማባዣውን እጀታ ያሽከረክር ጀመር።

ወረቀቱ በፖስታ ወደ ወታደሮቹ ተላከ። መልሱ ከጣልያን፣ ከበርማ፣ ከባሕር ላይ መርከብ ሳይቀር መጣ። አንዱ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «እናቶቻችንን ወይዘሮ ተብለው በታተመ ወረቀት ስናይ የመጀመሪያችን ነው። ከድንኳን ድንኳን ተቀባበልነው፤ ተመልሶ እጄ ሲገባ ጠርዙ አልቆ ነበር።» ያንንም አተመችው። ከካልሁን ቤንድ የዘመተው የመጨረሻው ልጅ ከባቡር ወርዶ እናቱን እስኪያቅፍ ድረስ ጋዜጣው አልተቋረጠም። እሱም የተመለሰበትን ቀን ዜና ራሱ ጻፈው።

ሉቬንያ ካረጀች በኋላ ከአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሚስ ቴሬል የምትባል ወጣት መጣች። ተማሪዎቹ ስለ ጦርነቱ ዘመን የሚያነቡት ፈልገው፣ ስለ ካልሁን ቤንድ ጥቁር ወታደሮች ግን ከተማው ባስቀመጠው ጋዜጣ አንዲት ገጽ እንኳ አጥተዋል። ሉቬንያ አንዱንም ሳትጥል ያቆየቻቸውን ዕትሞች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላት። ወጣቷ ማንበብ ጀምራ ምሳዋን ረሳች።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ ሲሠሩ ታሪክ እየጻፉ እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ! ታዲያ ምን ልሠራ ነው የተነሣሁት?» አለች ሉቬንያ፤ መነጽሯን አስተካክላም ወደ አንደኛው ገጽ ጎንበስ አለች። «ውይ! ይቺን ቃል እዪልኝ፤ አንድ ፊደል ገድፌአለሁ። እስቲ እስክሪብቶሽን አውሺኝ።»

ሚስ ቴሬል ገጹን በሁለት እጇ ሸፈነችው። «የለም እማማ፣ በፍጹም! እንዳለ ነው የሚቀመጠው።»

ሉቬንያ ከት ብላ ሳቀች። «ይሁን እንግዲህ፤ የልጅ ልጆቻችሁም ፊደል የምትገድፍ ሴት እንደነበረች ይወቁ» አለች፤ ቀጣዩንም ገጽ ገለጠችላት።