ቀይዋ ቦሎቄ

ጣሳ ውስጥ ደረቅ እህል ሲንኮሻኮሽ ከሰማሁ፣ እስከ ዛሬ እጄ ሳላዝዘው ይጨበጣል። ትናንት ሱቄ ፊት አንዲት ሴት በቆሎ ስትሰፍር እንደዚያው ሆንኩ፤ ደንበኛዬ መልሱን የያዝኩበት መስሎት ቆሞ ጠበቀኝ።

አራት ሆነን አዳማ ገበያ ሽንኩርት እንሸጥ ነበር፤ ትልቁ፣ ቀልደኛው፣ ዝምተኛውና እኔ። ነገር የምንወስነው በጣሳ ነው። ሁላችንም አንድ አንድ ፍሬ በቆሎና ቀይ ቦሎቄ እንይዛለን፤ የተስማማ በቆሎውን፣ ያልተስማማ ቦሎቄውን በጭብጡ ደብቆ ይጥላል። አንድ ቦሎቄ ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። ማን ጣለው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ብልጥ ነኛ።

በዚያ በጋ ትልቁ፣ ጠቅልለን አርሲ ነገሌ እንግባና እህል እንነግድ አለ። ሦስት ቀን ጣልን፤ ሦስቱንም ቀን አንዲት ቦሎቄ ወጣች። ሕጉ መጠየቅን እንጂ መጠርጠርን አይከለክልም። ጥርጣሬው ዝምተኛው ላይ አረፈ። ቀልደኛው "አቶ ቦሎቄ" ይለው ጀመር። በአራተኛው ቀን ትልቁ፣ "ወንድሜ፣ ካልተመቸንህ መንገዱ ክፍት ነው" አለው። እሱም ሳይከራከር ልብሱን ሸከፈ።

ቦሎቄዋ የኔ ነበረች። እናቴ ታማ ተኝታ ነበር። ጥያት መሄድ አልሆንልህ አለኝ፤ በእናቴ የተነሳ ቀረሁ ማለት ደግሞ በዚያ ዕድሜ ያሳፍራል።

እሱ ከሄደ በኋላ እንደገና ጣልን። ቦሎቄ ብትወጣ እሱ ነፃ ይሆናል፤ ጥርጣሬው ወደኔ ይዞራል። በቆሎ ጣልኩ። "አላልኳችሁም?" አለ ቀልደኛው። የመሄጃው ቀን ሲደርስ ግን ጨነቀኝና የእናቴን ነገር ተናገርኩ። ትልቁ ጆንያ እያራገፈ፣ "ታዲያ ይሄ ምኑ ያስፈራል? ቅር" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ስለ ቦሎቄዋ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ዝምተኛው ልብሱን ሸክፎ የወጣ ዕለት መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነበርኩ። የመተሐራው አውቶቡስ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ቦሎቄ በጣልኩ ቁጥር እጄ ላይ የምትቀረውን በቆሎ ለጎረቤታችን ዶሮ እወረውርላት ነበር፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። በመስኮቱ ጎንበስ አለልኝ።

"እማማን ደህና አድርገህ አስታማቸው" አለኝ። "ዶሮዋንም እንዳትረሳት።"

ልሰናበተው ያነሳሁት እጄ እንደተጨበጠ ነበር።